«አትድከሙ» ስለ ማለት

በቋንቋችን ሰውን ከደጅ የሚመልሱ ቃላት ብዙ ናቸው። «ሂድ» አለ፤ «ዞር በል» አለ፤ «ጌታው የሉም» የሚባል የዘበኛ ቃልም አለ። ከሁሉ ይልቅ ግን እኔ የምፈራው፥ ልጅ ከሌላ ከተማ ሆኖ ለወላጆቹ በስልክ የሚናገረውን «አትድከሙ» የሚለውን ቃል ነው። ሌሎቹ ቃላት ፊታቸውን ገልጠው ይመጣሉ፤ ይኸኛው ግን ነጠላውን አደግድጎ ይመጣል። የተባለውም ሰው ከደጅ እንደ ተመለሰ ሳያውቅ፥ «ልጄ አሰበልኝ» ብሎ መርቆ ስልኩን ይዘጋል።

ይህን የምጽፈው ከሰው ቤት ወሬ ቃርሜ አይደለም። እኔና ባለቤቴ ቃሉን ስድስት ዓመት ሙሉ በደስታ ሰምተነዋል። ልጃችን ትምህርቱን ሲጨርስ አምቦ ላይ በመምህርነት ተቀጠረ። ከአዲስ አበባ እስከ አምቦ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን፥ በጧት የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ዳሩ ግን በስድስቱ ዓመት ውስጥ የልጃችንን ደጃፍ አላየንም። እሱ በዓመት አንድ ጊዜ፥ በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይመጣል። ገና ሲደርስ ግን በዓሉ የአንድ ቀን ነውና አይመጣም፤ የበግ መግዣ በስልክ ይልክልናል። «እኛ እንምጣ ወይ?» ስንለው፥ «አትድከሙ፤ መናኸሪያው ግፊያ ነው፤ የታኅሣሥ ብርድም ለእናንተ አይሆንም» ይለናል።

እኔም በልቤ ደስ ይለኝ ነበር። ለምን ቢባል፥ ልጅ ቤት ሄዶ በዓል መዋል ለአባት ውርደት ይመስለኝ ነበርና ነው። ልጅ ወደ አባቱ ይመጣል እንጂ አባት ወደ ልጁ ይሄዳልን? ጎረቤትስ «ቤቱን ዘግቶ ልጁ ዘንድ ሊበላ ሄደ» አይልምን? ስለዚህ በጉን ገዝቼ ከደጄ ላይ አስሬ፥ ላለፈው ላገደመው ሁሉ «ልጄ የላከልኝ ነው» እያልሁ እውል ነበር። የልጄ «አትድከሙ» እና የእኔ ኩራት እንደ ሁለት ባልንጀሮች ተስማምተው ስድስት ዓመት በሰላም ኖሩ።

ስምምነታቸውን ያፈረሰችው ባለቤቴ ናት። በሰባተኛው ዓመት፥ ታኅሣሥ 26 ቀን ማታ፥ ድፎ ዳቦ ስትጋግር አገኘኋትና «ለበዓሉ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው?» ብዬ ብጠይቃት፥ «ለመንገድ ነው» አለችኝ። «ልጄ የሚተኛበትን አልጋ ሳላይ መሞት አልፈልግም። አንተ ብትመጣ መልካም ነው፤ ብትቀርም ቤቱን ጠብቅ» አለች። በነጋታው ዳቦውን፥ በርበሬውን፥ አንድ ጠርሙስ የተነጠረ ቅቤና እግሩን የታሰረ አውራ ዶሮ ይዘን አስኮ መናኸሪያ ደረስን። ለልጁ ግን አልነገርነውም፤ ብንነግረው የሚለውን እናውቃለንና።

መኪናው ሞልቶ ነበር። ዙሪያዬን ብመለከት ከተሳፋሪው የሚበዛው ወጣት ነው፤ ለገና ወደ ወላጆቹ የሚገባ። ይህ መልካም ነው፥ አላማም። ነገር ግን ሽማግሌ የምንባለው እኔና ባለቤቴ፥ አንዲት ከጊንጪ የሚወርዱ አሮጊትም ብቻ ነበርን። እኒያም እመቤት የሚሄዱት ወደ ገዛ ቤታቸው እንጂ ወደ ልጃቸው አልነበረም። «እርስዎስ ወዴት ነዎት?» ብለው ጠየቁኝና «ልጄን ልጠይቅ» ስላቸው፥ «ምን ሆነብዎት?» አሉኝ። እነሆ የእኛ ነገር! ወላጅ ልጁን ለመጠየቅ ልጁ መታመም ወይም መታሰር ይኖርበታል።

ቡራዩን አልፈን ሆለታ ስንደርስ አንድ ነገር ታወሰኝ። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የአገራችንን ልጆች በዘመናዊ ሥርዓት ወታደርነት ማስተማር የጀመሩት በዚህ ነው። ልጆቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የኢጣሊያ ጦርነት ደረሰባቸው። ከእነሱ መካከል አባቱ በቅሎውን ጭኖ፥ ስንቅ ይዞ፥ ከዚያ ግቢ በር መጥቶ ያየው ስንቱ ይሆን? ያላየው አባትስ ምን ብሎ ኖረ?

አዲስ ዓለም ስንደርስ ባለቤቴ ወደ ማርያም ፊቷን መልሳ ተሳለመች። ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር፤ በኋላ አሳባቸውን ለወጡና ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ሰፊ ነው። ጤፉ ታጭዶ ክምሩ በየአውድማው ቆሟል፤ በመረሬው መሬት ላይ ክረምቱ በተወው እርጥበት የበቀለው ሽምብራ እሸት ይዟል፤ ልጆች እስሩን ይዘው ወደ መኪናው መስኮት ይሮጣሉ። ስድሳ ዓመት ያህል አዲስ አበባ ስኖር ይህን ሜዳ በታኅሣሥ አላየሁትም ነበር፤ ለካ «አትድከሙ» የሚያስቀረው ልጅን ብቻ አይደለም።

ጊንጪን ሳልፍ ግን ለዚህ ቃል አንድ ፍርድ መስጠት አለብኝ። በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ የተስፋፋው ተቃውሞ የተነሣው ከዚህች ከተማ ነው። በዚያ ጊዜ፥ ከዚያም በኋላ በመጡት ዓመታት፥ ይህ መንገድ የተዘጋበትና መንገደኛ የተጨነቀበት ቀን ብዙ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን «አትምጡ» ያለ ልጅ ወላጁን ወደደ እንጂ አላታለለም። እንደዚሁም አባቱ ታሞ መቀመጥ የማይችል፥ የመኪና ዋጋ በእውነት የሌለው ሰው አለ። ከእነዚህ ጋር ክርክር የለኝም። የምከራከረው መንገዱ ክፍት ሆኖ፥ ጉልበት ሳለ፥ የመኪናው ዋጋም ለበጉ ቆዳ ከሚከፈለው እጅግ ሳይርቅ፥ ከአፍ ልማድ ብቻ «አትድከሙ» ከሚባባሉት ጋር ነው። (ስለ በጉ ቆዳ ያልሁት ለጨዋታ ነው፤ ዛሬ ቆዳ የሚገዛ የለም።)

አምቦ ስንገባ አየሩ ከአዲስ አበባ ሞቅ ይላል፤ ከተማይቱ ዝቅ ያለች ናትና። ከመናኸሪያው ደወልንለት። ሲመጣ አየሁት፤ ደስታም ድንጋጤም ፊቱ ላይ ይታገሉ ነበር። እጃችንን ስሞ፥ «አባባ፥ ለምን ደከሙ? እማማ፥ ምነው ሳትነግሩኝ?» አለ። ከዚያም እቃችንን ተሸክሞ ወደ ቤቱ በመውሰድ ፈንታ፥ «ፍል ውሃው አጠገብ ደኅና ሆቴል አለ፤ እዚያ አሳርፋችኋለሁ» አለን። ባለቤቴም ዶሮዋን እንደ ታቀፈች፥ «እኔ ፍል ውሃ ልታጠብ አልመጣሁም» አለችው። ዝም ብሎ ቀደመን።

ቤቱ ከአንድ ግቢ በስተኋላ የተቀጠለ አንድ ክፍል ነው። በሩ አጭር ነውና ግንባሬን መታኝ። ከውስጥ መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፥ አንድ በርጩማ፥ በብሎኬት ላይ በጣውላ የተደረደረ መጽሐፍ፥ አንድ ጀሪካን፥ አንድ የከሰል ምድጃ አለ። አልጋ የለም። ባለቤቴ ልታየው የመጣችው አልጋ የለም። እሱ ቆሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ ግን ምንም ሳትል ነጠላዋን አስቀምጣ ቤቱን ትጠርግ ጀመር።

አከራይቱ መልካም ሴት ናቸው። ድስት አዋሱን፥ ቡናም አፈሉልን። ከሦስተኛው ስኒ ላይ፥ ልጁ ውሃ ሊቀዳ በወጣበት ሰዓት፥ ነገሩን ያለ ክፋት አነሡት፦ «ልጃችሁ ጨዋ ነው፤ አንድ ነውር ቢኖርበት በገና ወር ኪራይ ያዘገያል። ለምን ብለው፥ ለአባቴ በግ ልኬ ነው ይለኛል።»

ቡናው አልወርድ አለኝ። እነሆ ስድስት ዓመት የበላሁት በግ ሳይሆን የልጄን አልጋ ነበር። በደጄ ላይ አስሬ ለጎረቤት ያሳየሁት እሱን ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት አንተም እንደ ልጄ ይሆናል። «ወላጆቼን ላለማሳዘን ነው» ትለኛለህ። እኔ ግን እንዲህ ብዬ እጠይቅሃለሁ፦ አባትህ የሚወድህ ሶፋ ቢኖርህ ነው ብለህ የፈረድህበት በምን ማስረጃ ነው? እናትህ በሰው ግቢ፥ በአንድ ክፍል፥ አንተን በጀርባዋ አዝላ የኖረችበትን ዘመን ማን ነገረህና ነው ከድህነት የምትሰውራት? አንተ የምትሰውረው ድህነትህን አይደለም፤ ራስህን ነው። ወላጆችህም በዓለም ላይ የሌለ፥ ባለ ቤትና ባለ አልጋ የሆነ ሌላ ልጅ በአሳባቸው ወልደው እሱን ይመርቃሉ፤ አንተ ፍራሽህ ላይ ሳትመረቅ ታድራለህ።

ከዚህ የባሰም አለ፥ ስለ እሱ ብዙ አልናገርም። ቤቱ ሞልቶለት ሳለ፥ የእናቱ ነጠላ ስላረጀ፥ አነጋገሯም የገጠር ስለ ሆነ፥ ከባልደረቦቹ ፊት እንዳትታይ «አትድከሚ» የሚላት። ይህን ሰው ያሳደገችው እሷ ስለ ሆነች፥ እሱን ብንሰድብ እሷ ታዝናለች፤ ስለዚህ እንተወው።

ደግሞም ዘመኑ ይህን ቃል አበርትቶታል። መንግሥት ተማሪውን በየዩኒቨርሲቲው ሲመድበው የጎንደሩ ወደ ጅማ፥ የጅማው ወደ መቀሌ፥ የአዲስ አበባው ወደ አምቦ ይሄዳል። የአምቦው ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረ ነው፤ ዛሬ ከአራቱ ማዕዘን ልጅ ይቀበላል። ቀድሞ መንገዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያደላ ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. ከአምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባል ስፍራ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትምህርት ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ እንደ መጣ ሁሉ፥ የአውራጃው ልጅ ወደ ዋናው ከተማ ይመጣ ነበር። ዛሬ ልጁ ወደ ሁሉም ይሄዳል፤ ወላጁ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም። አብዛኛው ወላጅ ልጁ አራት ዓመት የተማረበትን ከተማ የሚያውቀው በስሙ ብቻ ነው። አምቦን ከጠርሙሱ በቀር እናውቃታለንን? ውሃዋ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ገበታችን ላይ ሲደርስ፥ እኛ አንድ ጊዜ እሷ ዘንድ አልደረስንም።

እናንተ አባቶችም፥ የእኔ እኩዮች፥ ኩራታችሁን ከበዓሉ ጋር አስተያዩት። የምናከብረው ልደት የመንገደኞች በዓል ነው። ሰብአ ሰገል ጠቢባንና ባለ ወርቅ ሳሉ ከምሥራቅ ተነሥተው ወደ ሕፃኑ ሄዱ እንጂ «ሕፃኑ ያድግና ይምጣልን» አላሉም። እረኞችም መንጋቸውን ትተው ሄዱ። እመቤታችንም «ማደሪያችን በረት ነው፤ የምናስቀምጥበት ወንበር የለንም፤ አትድከሙ» ብላ አልመለሰቻቸውም። በረቱን ያላፈረችበትን እናት በዓል እያከበርን፥ እኛ በአንድ ክፍል ቤት እንተፋፈራለን!

የገናን ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፥ በተዋስነው ድስት የተሠራውን ዶሮ በበርጩማው ዙሪያ ተቀምጠን በላን። ከአከራይቱ ልጆች ትንሹ በኦሮምኛ የሚለኝን ባላውቅም፥ የዶሮውን እግር እንደ ጠየቀኝ ገባኝ። በማግስቱ ልጁ ጉደርን ሊያሳየን 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወሰደን፤ ወንዙን ከድልድዩ ላይ አየነው። እዚያ ላይ ሳለን፥ «ሁለተኛ በግ እንዳትልክልኝ» አልሁት። «ጎረቤት ምን ይላል?» አለኝ። እኔ ያስተማርሁት ቃል ነውና መልስ አጣሁ። ትንሽ ቆይቼ፥ «ልጁ ዘንድ ሄደ ይበል» አልሁት።

ዘንድሮ ታኅሣሥ ሲገባ ደወለ። «አትድከሙ» ይላል ብዬ ስጠብቅ፥ «አባባ፥ አልጋ ገዝቻለሁ፤ እናንተ እላዩ ትተኛላችሁ፥ እኔ ፍራሹ ይበቃኛል። በሩ ግን ያው ነውና ሲገቡ ጎንበስ ይበሉ» አለኝ።