የደገመው ማን ነው?

በሰኔ መጨረሻ ካርድ ሲታደል አንዲት ቃል የልጁን ክረምት ታበራለች ወይም ታጨልማለች፤ «ተዛውሯል» ወይም «ደግሟል»። ማየት፥ መስማት ወይም ቶሎ መረዳት ለሚያስቸግረው ልጅ ግን ይህች ቃል የምትጻፈው እንዴት ነው? ጥያቄውን ወደ መተማና ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ወስደን እንመልከተው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በዚያ ቆላ በአንድ ትምህርት ቤት ሲማር አንድ የክፍል ጓደኛ ነበረው። ልጁ በሕፃንነቱ ክፉኛ ታሞ ከተነሣ ወዲህ ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር። በ1986 ዓ. ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በነፃ መዛወር የተለመደ ነበርና፥ ሳያነብ እስከ 4ኛ ክፍል ደረሰ። 4ኛን ግን ሦስት ጊዜ ተማረው። በደገመ ቁጥር ቁመቱ ከልጆቹ በላይ ስለ ረዘመ «ከኋላ ያሉትን ትጋርዳለህ» ተብሎ ወደ መጨረሻው ወንበር ተገፋ፤ እዚያ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፍሉ ጢም ያለ ነበር። ልጁ በአራተኛው ዓመት ሰሊጥ አጨዳ ወረደ፤ አልተመለሰም።

አንዳንዶች «ጥፋቱ ነፃ ዝውውር ነው፤ ልጁ እስኪያውቅ ይቆይ» ይላሉ። ቆየ አይደለምን? ሳይማር ማሳለፍም፥ ሳይረዱ ማስደገምም ያው አንድ ቸልታ ነው።

በቆላው መስከረምና ጥቅምት ሦስት ነገር በአንድነት ይመጣል፤ ትምህርት ይከፈታል፥ ወባ ይበረታል፥ ሰሊጥ ይታጨዳል። ወባ ወደ አንጎል ሲወጣና ማጅራት ገትር ሲይዝ፥ የዳነውን ልጅ ጆሮ ወይም አእምሮ ጎድቶ ሊሄድ እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ። አጨዳ የዋለ ጤነኛ ልጅ በኅዳር ሲመለስ ያመለጠውን ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል። ዓይኑ የደከመው ከማን ደብተር ይገልብጥ?

ከ2015 ዓ. ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። ያን ጊዜ «የማካካሻ ትምህርት ይሰጥ» ተባለ፤ ተገቢም ነው። ክፍሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሲቀር ማካካሻ የሚታሰብ ከሆነ፥ አንድ ልጅ ባለመስማቱ ብቻ ወደ ኋላ ሲቀር ስለ ምን «ደግሟል» ይባላል?

ሕግ የለም እንዳይባል፥ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ. ም. ወጥቷል፤ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ2002 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ጸድቋል። የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽ ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደ ችግሩ እንዲመቻችለት ያዛል። አዋጁ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሸህዲ ሳይደርስ መንገድ ላይ ወባ ያዘው እንዴ?

የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ነገር አይደለም። ማንም ርእሰ መምህር «ደግሟል» በሚለው ላይ ከመፈረሙ በፊት በዓመቱ ለልጁ የተደረገለትን በጽሑፍ ያስረዳ። ከፊት ተቀምጧል ወይ? ጆሮውና ዓይኑ ተመርምሯል ወይ? ፈተናው ተነቦለታል፥ ጊዜስ ተጨምሮለታል ወይ? ወረቀቱ ባዶ ከሆነ የወደቀው ትምህርት ቤቱ ነውና ልጁ ከነድጋፉ ይዛወር።

ከመተማ፥ ከገንዳ ውኃና ከቋራ የመጣችሁ የማኅበራችን አባላት ሆይ፥ በዚህ ክረምት ቤተ ሰብ ለመጠየቅ ስትወርዱ በየሰፈራችሁ ሁለትና ከዚያ በላይ የደገሙ ልጆችን ፈልጉ፤ ወላጆቻቸውን ስለ ጆሮአቸውና ስለ ዓይናቸው ጠይቁ። ፈቃደኞች እስከ ሰኔ 15 ቀን ድረስ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ይመዝገቡ።