ዘንዶ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም



ባለፈው ሰሞን ከሕንፃችን ወጣቶች አንዱ ደረጃ ላይ አስቆመኝና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር» አለኝ። ሥራ ከፈታ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጨዋና ትጉህ ልጅ ስለሆነ ጆሮዬን ሰጠሁት። ስልኩን አውጥቶ በሰው እጅ ላይ የተጠቀለለ ቢጫና ነጭ እባብ አሳየኝ። «ይኼ ኳስ ዘንዶ ይባላል፤ ፈረንጆች ቤታቸው እያረቡ ጥሩ ዋጋ ይሸጡታል። አንድ ወንድና ሁለት ሴት ባገኝ ትንሿ ክፍላችን ትበቃኛለች» አለኝ።

ወሬው ዕለቱን ሕንፃውን አዳረሰው። አንዱ «ቤቱ የራሱ ነው፣ ምን አገባን?» አለ። ሌላው ደግሞ «እባብ የሚባል ነገር ባየንበት እንጨርሰው» ብሎ ዱላ መረጠ። ለሁለቱም ወገን መልስ ስላለኝ ይህችን አስተያየት በሰሌዳችን ላይ ለማውጣት ተነሣሁ።

በመጀመሪያ በእንስሳው ላይ ሐሰት አንናገር። ኳስ ዘንዶ መርዝ የለውም። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ቢደርስ ነው። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሐል አድርጎ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው ይህ ስም የወጣለት። አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው። ጋና፣ ቶጎና ቤኒን ያረገዙትን ከዱር እየያዙ፣ እንቁላሉን እያስፈለፈሉ ጫጩቱን ወደ አሜሪካና አውሮፓ ሲልኩ ኖረዋል። ስለዚህ ልጃችን ያየው ነገር ውሸት አይደለም። ጥያቄው ያ ነገር ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ይሆናል ወይ? ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላ። ሴቷ ለመውለድ እስክትደርስ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። ብትወልድ በዓመት ቢበዛ አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም አማካዩ ስድስት እንቁላል ገደማ ነው። እንቁላሉ በ31 ወይም በ32 ዲግሪ ሙቀት ሁለት ወር ያህል መቀመጥ አለበት። እኛ ያለነው ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እኛን በብርድ ልብስ ውስጥ እያንቀጠቀጠን፣ የራሱ የሰውነት ሙቀት የሌለው የቆላ እንስሳ ቀንና ሌሊት ማሞቂያ ሊበራለት ነው ማለት ነው። ቆጣሪው ሲቆጥር ማን ይከፍላል? መብራት በጠፋ ጊዜስ ማን ይሞቅለታል?

ምግቡስ? ዘንዶ ጎመን አይበላም፤ አይጥ ነው የሚበላው። እኛ አይጥ ቆሻሻ ማጠራቀሚያችንን ወረረብን እያልን ስንጮህ፣ እሱ ለዘንዶው ብሎ አይጥ ሊያረባ ነው! በዚያ ላይ እባብና መሰሎቹ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ተሕዋስ ራሳቸው ሳይታመሙ ይሸከማሉ። በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከነሱ መራቅ እንዳለባቸው ሐኪሞች ይመክራሉ። ቤታችን ሁሉ ሕፃን የሞላበት መሆኑን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን ሁሉ ችሎ ቢያሳድግ እንኳ ገበያው የት ነው? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝንም ሆነ መነገድን የሚያስቀጣ አድርጎታል። ወደ ውጭ ልላክ ቢል ደግሞ ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የገባችበት፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ስምምነት አለ። የዘንዶ ዘሮች ሁሉ በዚያ ስምምነት ሥር ስለሆኑ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። እንግዲህ የሚገዛው ተደብቆ፣ የሚሸጠው ተደብቆ ነው። ተደብቆ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ጎረቤትን ይዞ ይጠፋል።

አሁን «ቤቱ የራሱ ነው» ወደሚሉት ልምጣ። በእኔ አስተያየት ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ኳስ ዘንዶ በአገራችን ዱር አይገኝም። ስለዚህ «ዘንዶ አምጡልኝ» ላለ ሰው ደላላ በጆንያ የሚያመጣለት የእኛኑ የቆላ ዘንዶ ነው። ያ ደግሞ በአፍሪካ ካሉት እባቦች ሁሉ ትልቁ ነው። ከእንቁላል ሲወጣ ግማሽ ሜትር ገደማ ስለሆነ «ትንሽ ናት፣ ታምራለች» ያሰኛል። ሲያድግ ግን ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሜትር ይደርሳል።

ይህ ዓይነቱ ዘንዶ ሰው በሚኖርበት ሕንፃ ውስጥ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። በሐምሌ ወር 2005 ዓ.ም. በካናዳ፣ ካምፕቤልተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከምድር ቤቱ የእንስሳት ሱቅ፣ ከላዩ መኖሪያ በሆነ ሕንፃ ውስጥ አንድ የአፍሪካ ዘንዶ ከተዘጋበት አመለጠ። በአየር ማስተላለፊያው ቱቦ ገብቶ፣ ጣሪያውን ጥሶ፣ ሁለት ወንድማማች ሕፃናት የተኙበት ክፍል ወደቀ። አንዱ የ4፣ ሌላው የ6 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ሁለቱንም ገደላቸው። ልጆቹ ለማደር የመጡ እንግዶች ነበሩ። እባቡ የነሱ አልነበረም፣ ይርባ ብለው የወሰኑትም እነሱ አልነበሩም።

እንዲህ ያለ አደጋ እጅግ ብርቅ ነው፤ ዘንዶ ሰው እየፈለገ አይዞርም። ነገር ግን የኛን ሕንፃ እዩት። የመጸዳጃ ቤታችን ቧንቧ ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር በአንድ ቀዳዳ ነው የሚወርደው። የአንዱ ቤት ሽንኩርት ሲጠበስ ሽታው ሦስተኛው ጎረቤት ይደርሳል። የላይኛው ሲያጥብ የታችኛው ይረጥባል። ሽታና ውኃ የሚያልፍበትን መንገድ እባብ አያጣውም። ስለሆነም በጋራ ሕንፃ ውስጥ የበሩ ቁልፍ የግል ቢሆንም ግድግዳው፣ ቱቦውና ደረጃው የሁላችንም ነው። አደጋው የጋራ ከሆነ ውሳኔውም የጋራ መሆን አለበት።

ሌላም ነገር አለ። ኳስ ዘንዶ በሰው እጅ 30 ዓመት ሊኖር ይችላል። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት ያለች አንዲት ኳስ ዘንዶ በ2012 ዓ.ም. እንቁላል ስትጥል ዕድሜዋ ከ60 በላይ እንደሆነ ተገምቶ ነበር። ታዲያ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ዛሬ የሚገዛውን እስከ ሽምግልናው ሊያኖረው ነው? ብዙዎች ይሰለቻሉ። ፍሎሪዳ ውስጥ ከቤት ያመለጠውና ተሰልችቶ የተለቀቀው የእስያ ዘንዶ ኤቨርግሌድስ የሚባለውን ረግረግ ወርሶ የዱሩን እንስሳ ፈጅቷል። እዚህ ብርዱ ስለማይመቸው እንደዚያ ላይራባ ይችላል። ዕጣው ወይ ቦይ ውስጥ በብርድ መሞት፣ ወይ በዱላ መቀጥቀጥ ይሆናል። በቡራዩ አልፎ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ያለው የእንስሳት ማገገሚያ፣ ሰው «አሳድጋለሁ» ብሎ ይዟቸው ከግለሰቦች እጅ የተወሰዱ አንበሶች፣ አቦሸማኔዎችና ጦጣዎች የሚጠጉበት ነው። ከሰው እጅ የወጣ አውሬ ወደ ዱሩ መመለስ አይሆንለትምና ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን እዚያው በአጥር ውስጥ ይፈጽማሉ።

ለባለዱላዎቹም አንድ ቃል አለኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ፍርሃታችሁን አልንቅም። ግን ይህ ቦታ ትናንት እርሻና ሣር ነበር፤ እባቡ ከእኛ በፊት ነዋሪ ነው። የሚመጣውም አይጥ ፍለጋ ነው፣ አይጡም የሚመጣው እኛ በየጥጉ የጣልነውን ትራፊ ፍለጋ ነው። ቆሻሻውን በወቅቱ ብናነሣ፣ ከግንባታ የተረፈውን ድንጋይና እንጨት ብናስወግድ፣ ሣሩን ብናጭድ ከዱላው ይልቅ ይጠቅመናል። ደግሞም ለመግደል የሚጠጋ ሰው ራሱ ሊነደፍ ይችላል። በአገራችን መርዘኛ እባብ አለ። አይቶ መለየት የማይችል ሰው ራቅ ብሎ ይቁም፣ ልጆችን ያርቅ፣ ጥበቃዎቻችንን ይጥራ። የተነደፈ ቢኖርም መቁረጥና በአፍ መምጠጥ ሳይሆን እግሩን ሳያንቀሳቅስ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መድረስ ነው የሚያድነው።

እንግዲህ ሐሳቤ ይኸው ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ማኅበራችን የራሱ መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው አድርጓል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንጨምርበት፤ «በሕንፃው ውስጥ የዱር እንስሳ መያዝና ማርባት አይፈቀድም» የምትል። ውሻና ድመት ያላችሁ አትደንግጡ፣ የእናንተ ጉዳይ ሌላ ነው።

ልጃችንን ግን በ«አይቻልም» ብቻ ብንሸኘው በደል ነው። ያ ልጅ እባብ አልወደደም፤ ሥራ ፈለገ። ትንሽ ክፍል፣ ትንሽ ገንዘብና ትዕግሥት ያለው ሰው እንጉዳይ ማምረት ይችላል። እንጉዳይ ጨለማና እርጥበት እንጂ ማሞቂያ አይጠይቅም፣ ከአስመጪ ደላላም አያገናኝም፣ ምሽት ላይ በቧንቧ አያመልጥም። የጋራ መገልገያ ሕንፃችን ውስጥ ዕቃ የሞላባት አንዲት ክፍል አለች። ኮሚቴው ጠርጎ ለሙከራ ቢሰጠው ምን ይጎዳናል? የመጀመሪያውን ኪሎ የምገዛው እኔ ነኝ።

ዘንዶው በቆላው ይኑር፣ ልጆቻችን በሰላም ይተኙ፣ ወጣቱም ሥራ ያግኝ። የተቃወመኝ ካለ ሰሌዳው የሁላችንም ነውና ይጻፍ፤ ደረጃ ላይ ብቻ አይማኝ።

ከነዋሪዎች አንዱ