የነገሥታቱ ፈረስ ስም አለው፤ የልጆቹስ?

አባ ታጠቅ ሲባል ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ ሲባል ዮሐንስ፣ አባ ዳኘው ሲባል ምኒልክ ማለት መሆኑን ትንሽ ትልቁ ያውቃል። በዚህ ሀገር ፈረስ ለጌታው ስም ያወጣል። ልጆች የሚጫወቱበት ፈረስ ግን ስምም ሠሪም መዝገብም የለውም።

ነገሩ ቀልድ ከመሰለ ሌላው ዓለም የልጅ ፈረስን እንዴት እንደያዘው ማየት ነው። የአሜሪካው ሃስብሮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ "ማይ ሊትል ፖኒ" የተባሉ ባለቀለም የፕላስቲክ ፈረሶችን ለገበያ አቀረበ። ፈቃድ ወስደው በግሪክ፣ በጣሊያን፣ በብራዚልና በሜክሲኮ ያመረቱ ፋብሪካዎች ደግሞ በቀለምም በጋማም ከዋናው የሚለዩ አወጡ። ዛሬ ሰብሳቢዎች አሮጌውን ፈረስ ገልብጠው ኮቴው ሥር የታተመውን የሀገር ስም ያነባሉ። በአንድ ሀገር ብቻ የተሠራው ከተለመደው በብዙ እጥፍ ይሸጣል። ዋጋ የሰጠው ፕላስቲኩ ሳይሆን የት እንደተሠራ መታወቁ ነው።

የኢትዮጵያም የልጅ ፈረስ እንደ አካባቢው ይለያያል። ከየካ በላይ ባለው እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሞልቷልና ፈረሱ ዱላ ነው፤ ልጓሙ ገመድ። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቶ ፈረስ ግልቢያ የከተሜ መዝናኛ ከመሆኑ በፊትም ልጆች በዱላ ይጋልቡ ነበር። በቆሎ በሚዘራበት አገዳ፣ ወንዝ ዳር ደግሞ ጭቃ ፈረስ ይሆናል። ሾላ ገበያ ከውጭ የመጣው ፕላስቲክ ተደርድሯል። ከእነዚህ ሁሉ የተሠራበት ቦታ የተጻፈበት እሱ ብቻ ነው።

ይህ ቸልታ ምን እንደሚያስከፍል ወለቃ ትመስክር። በጎንደር አጠገብ ባለችው በዚህች መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች የሰውና የእንስሳት ምስል ከሸክላ እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። እስከ 1983 ዓ.ም. የሰሎሞን ዘመቻ ድረስ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ሥራዎቻቸው በየሀገሩ ተበትነው አሉ፤ የብዙዎቹን ሠሪ ስም ግን የጻፈ የለም።

ምክንያቱ የወረቀት እጥረት አይደለም፤ ንቀት ነው። ሸክላ ሠሪ "ቡዳ" ሲባል ኖሯል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ በአዋጅ አልጠፋም። እጇን የናቀ ሰው ስሟን አይመዘግብም።

"እንጀራ በተወደደበት ዘመን ስለ መጫወቻ?" የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እዚህ የሚጠየቀው አዲስ ሕንፃ ወይም በጀት አይደለም። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ትርኢቱን ከልጅነት ጀምሮ እስከ ሞት በሕይወት ቅደም ተከተል አዘጋጅቶታል፤ ቦታው አለ። የየካ መምህራን ተማሪዎቻቸውን "ቤት የሠራችሁትን ፈረስ ይዛችሁ ኑ" ቢሏቸው በአንድ ሳምንት ክፍሉ ይሞላል። የሾላው ፕላስቲክም ይምጣ፤ እሱም የዘመኑ ታሪክ ነው።

ከእያንዳንዱ ሥር አራት ነገር ይጻፍ፦ ማን ሠራው፣ የት፣ ከምን፣ መቼ። ከአራቱ የመጀመሪያው እንዳይዘለል።