ይድረስ ለክሬሰንት ሌክ የእግር መንገድ

ይድረስ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ግቢ፣ ክሬሰንት ሌክ የሚባለውን ሐይቅ ከብበህ ለምትኖረው የእግር መንገድ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የነሐሴው ሙቀትና የከሰዓቱ ነጎድጓድ እንዴት አድርጎሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ መጀመር እንዳለበት በስልክ ያሳሰበችኝ እናቴ ናት። «ደግሞ ዘመዶቹን ሳትጠይቅ እንዳትዘጋው» ብላኛለች። ዘመዶችህን እደርስባቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን ላንተው ምስጋናዬን ላድርስ፤ የእናቴን የእረፍት ቀናት ያተረፍክልኝ አንተ ነህና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ አትላንታ ልትጠይቀን በመጣችበት ሐምሌ፣ ልጆቹ ዲዝኒ ካልሄድን ብለው አላስቀምጥ አላስቆም አሉን። በመኪና ሰባት ሰዓት ያህል ነው። እማዬ ሽሮ ሜዳ ያደገች፣ እንጦጦ ማርያምን በእግሯ ወጥታ የምትሳለም ሴት ናት። «መሄድ አይደክመኝም፤ መቆም ነው የሚገድለኝ» ትላለች። ዲዝኒ ደግሞ፣ ያንተው ግቢ ነውና አትቀየመኝ፣ የመቆሚያ አገር ነው። ለመጫወቻው ወረፋ፣ ለምሳው ወረፋ፣ ለሽንት ቤቱ ሳይቀር ወረፋ። የመጀመሪያውን ቀን ያሳለፈችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የልጆቹን ኮፍያና ቦርሳ ስትጠብቅ ነው። እኛ ከአንዱ ወረፋ ወደ ሌላው ስናልፍ ባገኘችን ቁጥር የምትጠይቀን አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ይሄስ ስንት ተከፈለበት?» መግቢያው ብቻ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ከመቶ ዶላር በላይ መሆኑን ስንሸሽጋት ዋልን። የውሃውን ዋጋ ግን ራሷ አይታ ደረሰችበት፤ ከዚያ በኋላ አልጠጣም አለች።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ሳይነሡ፣ ካረፍንበት ስዋን ሆቴል «ወክ እናድርግ» ብያት ወጣን። ነጠላዋን ጣል አድርጋ። ካንተ ጋር የተዋወቅነው ያኔ ነው።

ለማያውቁህ አንባቢዎች ላስተዋውቅህ፤ ደብዳቤው ግልጽ ነውና። (ዓመቶቹን ሁሉ የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።) አንተ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሆቴሎችን ታገናኛለህ። ስዋንና ዶልፊን በ1990 የተከፈቱ፣ ማይክል ግሬቭስ የነደፋቸው ናቸው። በስዋን ጣሪያ ላይ 47 ጫማ የሚረዝሙ ሁለት የስዋን ወፍ ሐውልቶች ተቀምጠዋል፤ በዶልፊን ላይ ደግሞ 56 ጫማ የሚሆኑ ሁለት ዓሦች። እማዬ አንጋጣ አየቻቸውና «እነዚህ ዝይዎች እዚያ ማን አወጣቸው?» አለች። በሁለቱ መካከል ውሃውን የሚያሻግረው መተላለፊያ ጣሪያ አለው፤ የፍሎሪዳ ዝናብ ከሰዓት በኋላ እንደ ባልዲ ሲገለበጥ የዚያን ጣሪያ ዋጋ የሚያውቀው የተጠለለበት ብቻ ነው። ከዶልፊን ወደ ያት ክለብ፤ ከያት ክለብ በነጩ አሸዋ ዳር ወደ ቢች ክለብ። እነዚህም በዚያው በ1990 የተከፈቱ ናቸው፤ ሮበርት ስተርን የአሜሪካን የሰሜን ምሥራቅ የባሕር ዳርቻ ቤቶች እያሰበ የሠራቸው። ቀጥሎ ከዲዝኒ ፓርኮች አንዱ ወደሆነው ወደ ኤፕኮት የኋላ በር የሚወስደው መታጠፊያ ይመጣል። በዚያ በር የገባ ሰው ራሱን በእንግሊዝና በፈረንሳይ አምሳያ ሰፈሮች መካከል ያገኘዋል፤ ከሆቴሉ ቁርሱን በልቶ፣ ያለ መኪናና ያለ አውቶቡስ። በሩን ትተህ ድልድዩን ከተሻገርክ በ1996 የተከፈተው ቦርድዎክ ነው። ከዚያ ዞረህ መነሻህ ላይ ነህ። ዙሪያህን የለካ ሰው አንድ ማይል አይሞላም ይላል። በእናቴ እርምጃ፣ ለያንዳንዱ አላፊ አግዳሚ ሰላምታ እየተሰጠ፣ ግማሽ ሰዓት።

ከሁሉ የወደድነው የቦርድዎኩን በኩል ነው። እዚያ ሲሚንቶው ያበቃና የሰው እግር ጣውላ ይረግጣል። በጠዋት ሱቆቹ ሳይከፈቱ ሯጮቹ ድም ድም እያሉ ያልፋሉ፤ ሻንጣ የሚጎትት እንግዳ ሲመጣ ጎማው በየጣውላው መገጣጠሚያ ላይ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ቀኑ ሲገፋ ደግሞ ባለ አራት ጎማዎቹ የኪራይ ብስክሌቶች ቤተሰብ ሙሉ ጭነው፣ አባት ብቻውን ፔዳል እየመታ፣ ደወል እያቃጨሉ ይመጣሉ። እማዬ ጣውላው ላይ ቆም አለችና በጫማዋ ጫፍ መታ መታ አደረገችው። ጥያቄዋ እንደሚመጣ አውቄያለሁ።

«ይሄስ ስንት ተከፈለበት?»

«ምንም። በነፃ ነው።»

«ሆቴሉን ለያዘ ብቻ ነዋ?»

«ላልያዘም። ለሚሄድበት ሁሉ።»

ጥቂት እንዳሰበች ዞር ብላ አየችኝ፤ «ታዲያ ትናንት ቀኑን ሙሉ ለምን እዚያ አስቀመጣችሁኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የጉዟችን ፕሮግራም በሷ እጅ ወደቀ። ፓርኩ ውስጥ መሪዎቹ ልጆቹ ነበሩ፤ የቱ መጫወቻ የት እንዳለ፣ በስልክ ምን እንደሚያዝ የሚያውቁት እነሱ፣ እሷ ተከታይ። አንተ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ተገለበጠ። ከፊት የምትሄደው እሷ ሆነች፤ ጥያቄ የሚጠይቁት ልጆቹ። የስምንት ዓመቷ ልጄ ከአያቷ ጋር ካወራችው ሁሉ የሚበዛው አንተ ላይ የተወራ ነው፤ አትላንታ ቤታችን ውስጥ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያልወጣ ወሬ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ፊት ለፊት ከመተያየት ጎን ለጎን መሄድ ስለሚቀል ይሆናል፤ በተለይ የአንዷ አማርኛ ለተሰባበረ፣ የሌላዋ እንግሊዝኛ ለሌለ።

ሌላም ውለታ አለብን። ልጆቼ ያደጉት ዳቦ ለመግዛት መኪና በሚነሣበት ሰፈር ነው። ከቤታችን እስከ ሱቁ ያለው መንገድ የእግረኛ መሄጃ እንኳ የለውም። እግር ለነሱ የኳስ ሜዳና የትሬድሚል ነገር ነበር፤ ሰው በእግሩ ተነሥቶ አንድ የሚፈልገው ቦታ ይደርሳል የሚለው ሐሳብ የአያታቸው ተረት ይመስላቸው ነበር። ወደ ሆሊውድ ስቱዲዮስ ፓርክ በሚወስደው ቅርንጫፍህ ስንሄድ ትንሹ «መኪናው የት ነው የቆመው?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ። የትም አልቆመም ስንለው ግራ ገባው። ያ ቅርንጫፍህ አንድ ቦይ ተከትሎ ይሄዳል፤ ከስዋን ሩብ ሰዓት አካባቢ ቢፈጅ ነው። በጎኑ «ፍሬንድሺፕ» የሚባሉት ጀልባዎች ከሆቴል ሆቴል እያነሡ ቀስ ብለው ያልፋሉ። እናም ውርርድ ተገባ፤ እናታቸውና ትልቁ ልጅ ጀልባውን ሊጠብቁ፣ እማዬ፣ እኔና ትናንሾቹ በእግር። በመቆሚያው የመጠበቂያውን ጊዜ ያላሰበ ሰው በጀልባው ይወራረዳል። እኛ በሩ ላይ ደርሰን እማዬ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች እያለ ጀልባዋ ገና በቦዩ ስትመጣ አየናት። የእናቴን ኩራት ለመግለጽ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልገኛል።

እንግዲህ ዘመዶችህ። በሰሜን በኩል፣ ማጂክ ኪንግደም ፓርክ አካባቢ ካሉት ልጀምር። ግቢው ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ሲከፈት አብረው ከተከፈቱት ሆቴሎች አንዱ ኮንቴምፖራሪ ነው፤ ከዚያ ወደ ፓርኩ በር በእግር ዐሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። በማዶ በ1988 የተከፈተው ግራንድ ፍሎሪዲያን ግን ሌላ ታሪክ አለው። በሆቴሉ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው የፓርኩን የሲንደሬላ ግንብ በዓይኑ ያየዋል፤ በእግሩ ግን አይደርስበትም ነበር። ሞኖሬል ወይም ጀልባ ግዴታ ነበር፤ ከ30 ዓመት በላይ። መንገዱ የተከፈተው በ2020 ነው። ጀልባ ሲመጣ ወደ ጎን የሚዞር ድልድይ አለው፤ ጀልባዋ አልፋ ድልድዩ እስኪመለስ እግረኛው ይጠብቃል። አሁን ከፖሊኔዥያን ሆቴል ተነሥቶ በግራንድ ፍሎሪዲያን አድርጎ ማጂክ ኪንግደም በር ድረስ መሄድ ይቻላል። ያን ያህል የቀረበ ነገር ያን ያህል ዓመት መቆየቱ ይገርመኛል፤ ግን አገራችንም ውስጥ ተጀምሮ የቀረ ስንት ድልድይ አለና አፌን ልያዝ።

ስለ ቀረ ድልድይ ካነሣሁ፣ ከዘመዶችህ ሁሉ የማዝንለት የፖፕ ሴንቸሪው ነው። ሆቴሉ የታቀደው በሐይቅ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ አንዱ ወገን ለሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አምስት ዐሥርት፣ ሌላው ለቀሩት። ከመስከረም 2001 የሽብር ጥቃት በኋላ ቱሪስት ሲጠፋ ግንባታው ቆመ። በ2003 የተከፈተው አንዱ ወገን ብቻ ነው። ድልድዩ ግን ተሠርቶ ነበር፤ ባዶ ሕንፃዎች ወዳሉበት ማዶ እያሳየ፣ ማንም ሳይሻገርበት ዓመታት ተቀመጠ። በ2012 በማዶው አርት ኦፍ አኒሜሽን የተባለው ሆቴል ተከፈተና እግረኛ አገኘ። ስሙ «ጀነሬሽን ጋፕ» ነው፤ የትውልድ ክፍተት እንደማለት። እማዬ የልጅ ልጇን ይዛ ብትሻገርበት ደስ ይለኝ ነበር፤ ጊዜ አልበቃንም።

ሁሉም ዘመድህ ግን አልተወለደም። በ1998 ወደተከፈተው አኒማል ኪንግደም በእግሩ የሚደርስ የሆቴል እንግዳ የለም፤ በስሙ የተጠራው አኒማል ኪንግደም ሎጅ ያረፈው እንኳ አውቶቡስ ወይም መኪና ይይዛል። ካንተም ተነሥቶ ወደ ማጂክ ኪንግደም የሚወስድ የእግር መንገድ የለም፤ በመሀል አውራ ጎዳና ነው። ግቢው ሳን ፍራንሲስኮን የሚያህል ስፋት ስላለው ሁሉን በእግር ማገናኘት እንደማይቻል ይገባኛል። አኒማል ኪንግደምን ግን እከራከራለሁ።

አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ደስ አይለኝም። በውሃው ዳር ስለ አሊጌተርና ስለ እባብ የሚያስጠነቅቁት ሰሌዳዎች በ2016 ግራንድ ፍሎሪዲያን ዳርቻ አንድ ሕፃን በአሊጌተር ከሞተ በኋላ የቆሙ ናቸው። ልጆቹ ወደ ውሃው ሲያዘነብሉ እማዬ ሰሌዳውን ማንበብ አላስፈለጋትም፤ ሥዕሉ በቂ ነበር። ከዚያ በኋላ በውሃው በኩል የምትሄደው ሁልጊዜ እሷ ናት።

ለሚቀጥለው ፋሲካ ከመጣች ወዳንተ ለመመለስ አስበናል። አንድ ልመና ልካለች፤ በቦዩ በኩል ባለው ቅርንጫፍህ ጥላ ያለው መቀመጫ ይብዛልኝ ትላለች፤ ለእሷ ሳይሆን በስተኋላ ለሚያለከልኩት ወጣቶች። ስለ ፓርኩ መግቢያም ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ሰጥታናለች፤ «የኔን ትኬት አትግዙ። እኔን መንገዱ ላይ ተዉኝ፤ ገንዘቡን ለልጆቹ አይስክሬም አድርጉት።» ሂሳቡን አስልቼ ነገርኳት፤ ያን ያህል አይስክሬም ልጆቹን ያሳምማል። «እንግዲያው ግማሹን ለውሃ» አለችኝ።

አክባሪህና ባለ ውለታህ፣
ከአትላንታ