ልጁን ሲያሳክከው እናቱን አትውቀሷት

አድሚን እባክሽ ይሄን ለጥፊልኝ። ቢረዝም ይቅርታ፣ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን አገር ቤት ያለውን የልጇን ክንድ ፎቶ ለጥፋ «ሌሊት ሌሊት እያከከ ይደማል፣ ምን ላርግለት?» ብላ ጠየቀች። ከስር የተጻፈላትን አነበብኩት። «አያቱ አታጥበውም እንዴ?» ይላል። «ቡዳ ነው» ይላል። አንዷ ደግሞ «ጥለሽው መጥተሽ ምን ልትሰሚ ነበር» ብላታለች። ልጅቷ ከዛ በኋላ አንድም ቃል አልመለሰችም። እኔ ስልኬን አስቀምጬ አለቀስኩ። ያንን ቃል እኔም ተናግሬዋለሁ፣ ለዛውም ለገዛ እናቴ።

ልጄ አራት አመቷ ነው፣ ደሴ እናቴ ጋ ነው ያለችው። ስመጣ ገና አመቷ ነበር። ጉንጯ ላይ ትንሽ ሽፍታ ነበረባት፣ ይጠፋል ብዬ ትቼው መጣሁ። ኋላ የክርኗ መታጠፊያና ከጉልበቷ ኋላ ያለው ቆዳ ሻክሮ ተሰነጣጥቆ በቪዲዮ ሳየው እናቴ ላይ ጮህኩባት። «እኔ የሰው ሽንት ቤት እያጠብኩ ብር ስልክልሽ አንድ ልጅ ማጠብ ያቅትሻል?» አልኳት። ዝም አለችኝ። የጎደለው ሳሙና ነው ብዬ ሽታው የሚያውድ ሳሙናና ሎሽን በካርጎ ላኩ። የደሴን ብርድ ታውቁት የለ፣ ወፍራም የሱፍ ሹራብም ጨመርኩላት። ልጅቷ ባሰባት። የኔም ወቀሳ ባሰ።

ኮንትራቴን ስጨርስ ሪያድ አዲስ ቤት ገባሁ። ማዳም የሦስት አመት ልጅ አላት። የመጀመሪያ ቀን ልብሱን ሳወልቅለት ክው ነው ያልኩት። የልጄ ቆዳ ነው! ያው ክርን፣ ያው ከጉልበት ኋላ። ይሄ ልጅ ውሃ አልጎደለበት፣ ብር አልጎደለበት፣ አንሶላው በየቀኑ ነው የሚቀየረው። ታዲያ ይሄንንስ ማነው ያላጠበው?

ሌሊቱን ልንገራችሁ። ችፌ ወይም ኤግዚማ የሚሉት ነገር ቀን እንደምንም ያልፋል፣ ጉዱ ማታ ነው። ልጁ በእንቅልፉ ያካል። ማዳም ሁለት እጁን ይዛ ቁጭ ትላለች። ስትለቀው ያካል፣ ስትይዘው ይጮሃል። ጠዋት አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ አለ፣ የማጥበው እኔ ነኝ። አማቷ ስትመጣ «እርጉዝ ሆነሽ ያልሆነ ነገር በልተሽ ነው» ትላታለች። እኛ ቡዳ እንደምንለው እንግዶቹም «ዐይን ነው» ይላሉ። ዘመዶች ልጆቻቸውን እንዳይነኩት በዐይን ይጠቅሷቸዋል። ሰው ሲሄድ ማዳም ሽንት ቤት ገብታ ቧንቧውን ትከፍታለች። ቧንቧ ለምን እንደሚከፈት እኛ እናውቃለን አይደል? እኛም የምናለቅሰው እንደዛ ነው።

እኔ ላይም ጮሃብኛለች። «ልብሱን በበረኪና አጥበሽው ነው» ብላ ከሌሊቱ ስምንት ሰአት ቀስቅሳኛለች። ትክክል ናት አልልም፣ የኔም እንቅልፍ እንቅልፍ ነው። ግን ስትጮህብኝ የሰማሁት የራሴን ድምጽ ነው። አማቷ በሷ ላይ፣ እሷ በኔ ላይ፣ እኔ በእናቴ ላይ። ሁላችንም ፈርተን ጥፋቱን የምንጥልበት ሰው እየፈለግን ነበር።

አንድ ቀን ሆስፒታል ልጁን አቅፌ አብሬያት ገባሁ። ሀኪሟ የምትለውን አረብኛዬ በቻለው ሰማሁ። የልጁ ቆዳ እርጥበት አይዝም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በቀላሉ ይቆጣል አለች። አይተላለፍም፣ የቆሻሻ በሽታም አይደለም፣ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ቤተሰብ ላይ ይበዛል አለች። የኔ አባት አስም አለበት። ቆሜ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ከዛ የሚያስቆጣውን መቁጠር ጀመረች፤ ሽታ ያለው ሳሙና፣ ሽታ ያለው ሎሽን፣ ሱፍ፣ ላብ፣ ደረቅ አየር። በካርጎ የላኩትን እቃ የምትቆጥርብኝ ነው የመሰለኝ።

ማታ ደወልኩና «እማ ይቅር በይኝ» አልኳት። ያኔ ነው የነገረችኝ። ለካ ሁለት አመት ሙሉ የልጄን እጆች ይዛ ነው የምትተኛው። ጎረቤት ልጆቹን ስለሚያርቅባት ሰርግም ሌላም ቦታ ይዛት መሄድ ትታለች። አንዷ ፌጦ በሎሚ ቀቢያት ብላት ቀባቻት፣ ልጅቷን አቃጥሏት ስትጮህ እናቴም አብራ አለቀሰች። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «በሰው አገር ሆነሽ ምን ላስጨንቅሽ ልጄ። ደግሞስ ምን ብዬ? ማጠብ ያቅትሻል ብለሽኝ የለ» አለችኝ። ይሄ ቃል እስከዛሬ ከልቤ አልወጣም።

እኔ የምለው ይሄ ነው እህቶቼ። አንዳንዶቻችሁ «ካልተቆጣናቸው ብሩን ይበሉታል፣ ልጁን ችላ ይሉታል» ትላላችሁ። ችላ የሚል የለም አልልም። ግን እሱ በችፌ አይታወቅም፣ በደንብ የተያዘ ልጅም ይይዘዋል። ወቀሳ የሚያመጣው ምንድነው? ልጁን የያዘችው ሴት መደበቅ ትጀምራለች። እናቴ ደበቀችኝ፣ ልጄም ሀኪም ሳታይ ሁለት አመት አለፈ። ያንን ያደረገው ቡዳ አይደለም፣ የኔ አፍ ነው።

ሌላም አለ። ከሱቅ የፊት ማጥሪያ ክሬም ገዝታችሁ ለልጅ የምትልኩ፣ ተዉ። ጠንካራ ኮርቲዞን ያለበት አለ። መጀመሪያ ያጠፋዋል፣ ሲቆይ ግን ቆዳ ያሳሳል። ሀኪም አይቶ ያዘዘው ክሬም ግን ሌላ ነው። እሱን ፈርታችሁ አታስጥሉ፣ በተባለው መጠን፣ በተባለው ቀን ልክ ይቀባ። ዱዓውም ጸበሉም ይቀጥል፣ ከሀኪም ጋር አይጣላም።

ልጄ ድናለች አልላችሁም። ጤና ጣቢያ ታይታለች። እናቴ አሁን ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ታጥባትና ቆዳዋ ሳይደርቅ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ትቀባታለች። ከውስጥ ጥጥ ታለብሳታለች፣ ጥፍሯን ታሳጥርላታለች። ሹራቡን ለሰው ሰጠችው። ይሻላታል፣ ደግሞ ይመለሳል። መግል ከያዘ ወይም ካተኮሳት ቶሎ ሀኪም ቤት ውሰጃት ብያታለሁ። ሀኪሟ ብዙ ልጆች ሲያድጉ እየቀለላቸው ይሄዳል ብላለች፣ ኢንሻአላህ።

እኔ ደግሞ ስደውል አንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ስለ ልጄ ከመጠየቄ በፊት «እማ፣ ማታ ተኛሽ ወይ?» እላታለሁ። መጀመሪያ ቀን ስላት ቶሎ አልመለሰችልኝም። ለካ እስከዛሬ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ፎቶ የለጠፍሽው እህቴ፣ ይሄን ካየሽው፣ ጥለሽው አልመጣሽም፣ ለሱ ብለሽ ነው የመጣሽው። ጤና ጣቢያ ይውሰዱልሽ። አያቱ ጋ ስትደውዪ ደግሞ መጀመሪያ እሷን ተኛሽ ወይ በያት። ሌሎቻችሁ ከስሯ የጻፋችሁትን አጥፉላትና አይዞሽ በሏት።