አሮጌው ብስክሌት ይታደስ ወይስ ይለወጥ?

እሑድ ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣውን አቀበት የተመለከተ ሰው፣ ብስክሌቱን እየጋለበ ወይም እየገፋ ሽቅብ የሚታገል ወጣት ማየቱ አይቀርም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም የብስክሌት መንገድ ስላለው፣ የተራራ ብስክሌት ወዳጆች መድረሻቸው እዚያው ነው። ይሁን እንጂ የተማሪውም ሆነ ሥራ የጀመረው የመንግሥት ሠራተኛ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ከሌላ እጅ የተገዛ አሮጌ ነው። ስለዚህ ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር «ይህን ላሻሽለው ወይስ ሽጬ አዲስ ልግዛ?» እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል።

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት አጭር ነው። አሮጌ ብስክሌት ወደ ቀድሞ ጤንነቱ ቢመለስ ይገባል፤ ያልተፈጠረበትን እንዲሆን ማስገደድ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ጥገናና ማሻሻል በስም ቢቀራረቡም በወጪ እጅግ ይራራቃሉ።

አስቀድሞ የሚመረመረው ፍሬሙ ነው። መሪው የሚገባበት አንገት፣ ፔዳሉ የሚዞርበት ሥር፣ የኮርቻው ዘንግ የሚገባበት መጋጠሚያ በጨርቅ ተወልውለው በብርሃን ይታዩ። ስንጥቅ ከተገኘ ክርክሩ ያበቃል። የብረት ፍሬም በጥሩ በያጅ ሊድን ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን ከተበየደ በኋላ እንደገና በሙቀት ካልታከመ የቀድሞ ብርታቱን ስለማያገኝ፣ ቁልቁለት ላይ ሕይወትን በአደራ የሚሰጡት አይደለም።

ፍሬሙ ጤነኛ ከሆነ የመጀመሪያው ብር ለፍሬን ይውጣ። ሰውና ብስክሌት በድምሩ 80 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና 400 ሜትር ቁልቁል ቢወርዱ፣ የሚለቀቀው ኃይል አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አየሩ ከሚወስደው በቀር ይህን ሁሉ ሙቀት የሚሸከመው ፍሬኑ ነው። ስለሆነም ያለቀ የፍሬን ጎማ፣ የዛገ ሽቦና የተላጨ ጎማ ነገ ዛሬ ሳይባል ይለወጡ።

ቀጥሎ የሚመጣው ካቴና ነው። ለዚህም ከማስመሪያ በቀር መሣሪያ አያስፈልግም። የአዲስ ካቴና 24 አንጓ ከፒን እስከ ፒን ሲለካ 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ1.5 ሚሊ ሜትር ከረዘመ ካቴናው ብቻ ይለወጥ፤ ትርፉ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ግን የኋላ ጥርሶቹም ተበልተዋልና አብረው መለወጣቸው ነው። በጊዜው የለካ ሰው በአንድ ካቴና ዋጋ ይገላገላል፤ የዘገየ ግን የሁለቱን ይከፍላል።

ማሻሻል የሚባለው ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚመጣ ወጪ ነው። የድሮው የተራራ ብስክሌት ቸርኬ 26 ኢንች ሲሆን፣ የዛሬዎቹ 27.5 ወይም 29 ናቸው። የኋላው አክስል ማረፊያ ያኔ 135 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ዛሬ በብዙዎቹ 148 ደርሷል። የፊቱ ሹካ አንገት ከላይ እስከ ታች እኩል የነበረው አሁን ወደ ታች እየሰፋ ይሠራል። ከኋላ 12 ማርሽ ያማረው ሰውም ጥርሱን፣ ካቴናውንና የማርሽ መለወጫውን፣ አብዛኛውን ጊዜም የቸርኬውን እምብርት ጭምር መግዛት ይኖርበታል። በመጨረሻ ከቀድሞው የሚቀረው አሮጌው ፍሬም ብቻ ይሆናል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው።

አዲሱ አይሻልም ማለታችን አይደለም። የዲስክ ፍሬን በዝናብና በጭቃ ከድሮው እንደሚበልጥ የሚካድ አይደለም። ፍሬሙ የተሰነጠቀበት፣ ቁመቱ ለአካሉ የማይስማማው፣ ወይም በየሳምንቱ ድንጋያማ ቁልቁለት እየወረደ ብስክሌቱ ለዲስክ ፍሬን ማሰሪያ የሌለው ሰው ቢለውጥ አይፈረድበትም። የጥገናው ወጪ የተመጣጣኝ ደህና ብስክሌት ዋጋ ግማሽ ካለፈም መለወጡ ይመረጣል።

ከዚህ ውጭ ግን እግርን የሚያበረታው አቀበቱ እንጂ የማርሹ ብዛት አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል፣ እነገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ በዚያ ዘመን የመወዳደሪያ ብስክሌት ማርሽ ከ10 አይበልጥም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እስኪሆን ድረስ የብስክሌት ሥራ ብዙ ተለውጧል፤ አቀበት ግን ዛሬም በእግርና በትንፋሽ ነው የሚወጣው።

እንግዲህ ወጣቱ አንባቢያችን ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ወረቀት ይያዝ። በአንድ ወገን ለደኅንነት የግድ የሚያስፈልገውን፣ በሌላው ወገን ዓይኑ ያማረውን ይጻፍ። የመጀመሪያውን በዚህ ወር ደመወዝ ይግዛ፤ ሁለተኛውን ደግሞ ለአዲስ ብስክሌት በሚያጠራቅመው ገንዘብ ላይ ይጨምረው። እንዲህ ያደረገ እንደሆነ አሮጌው በደኅና ያደርሰዋል፤ አዲሱም ቀኑ ሲደርስ ያለ ዕዳ ይገዛል።