ሚስት ማስተርስ ስትማር ቤቱን ማን ይይዛል?

 

ከባለ ትዳሮች ጋር ስነጋገር ደጋግሞ የሚመጣልኝ አንድ ጥያቄ አለ። ጠያቂዋ ብዙውን ጊዜ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል የምትሠራ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ጤና መኮንን ናት። ሁለት ሦስት ልጆች አሏት። “እኅቴ፣ በኅብረተሰብ ጤና ማስተርሴን ልማር አስቤያለሁ፤ ባለቤቴ ግን ልቡ አልተከፈተልኝም። ምን ትመክሪኛለሽ?” ትለኛለች። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ባል ይመጣና፣ “ልማር ብላለች። አልከለክላትም፤ ግን ቤታችን ምን ይሆናል?” ይላል።

ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ባልና ሚስቱ የሚከራከሩት ሁለቱም በቅጡ ስለማያውቁት ትምህርት ነው። ስለዚህ አስቀድመን ትምህርቱን እንወቀው፤ ከዚያ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

ሐኪም በፊቱ የተቀመጠውን በሽተኛ ያክማል። የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ግን የሚይዘው ቀበሌውን፣ ወረዳውን፣ አገሩን ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ 20 ሕፃናት በተቅማጥ ታመው መጡ እንበል። ነርሷ ለእያንዳንዳቸው የሚያስፈልገውን ሕክምና ትሰጣለች። የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዋ ደግሞ፣ “ልጆቹ ከየትኛው ሰፈር መጡ? ውኃ የሚቀዱት ከየት ነው? መጸዳጃቸውስ የት ነው? ሕመሙ መቼ ጀመረ?” ብላ ትጠይቃለች። መልሱን አግኝታ ምንጩን ካስጠበቀች፣ ገና ያልታመሙትን የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ታተርፋለች።

ይህ አሳብ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በዘዳግም ምዕራፍ 23 እስራኤላውያን ከሰፈሩ ውጭ እንዲጸዳዱና ቆፍረው በአፈር እንዲሸፍኑት ታዘዋል። በዚያ ክፍል የተሰጠው ምክንያት የሰፈሩ ቅድስና ነው። ሥራው ግን ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ እየዞረች ከምታስተምረው ብዙም አይርቅም።

ሙያው በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አሠልጥኗል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ትምህርቱ እ.ኤ.አ. በ1984 ተጀመረ። ዛሬ ጎንደርን፣ ጅማን፣ ሐረማያንና ሐዋሳን ጨምሮ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል።

ፍሬውስ? በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2019 በተደረገው ጥናት ይህ ቁጥር ወደ 59 ወርዷል። ይህ የአንድ ሙያ ሥራ ብቻ አይደለም። ክትባት፣ አጎበር፣ ንጹሕ ውኃ፣ የእናቶች ትምህርትና እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አብረው ሠርተዋል። እነዚህን የሚያቅድ፣ የሚቆጥርና የሚከታተል ሰው ግን ያስፈልጋል። ትምህርቱ የሚያወጣው ይህን ሰው ነው።

አንድ ነገር ላርም። ይህ ማስተርስ ሐኪም አያደርግም። “ምራቴ ዶክተር ልትሆን ነው” እያሉ ለጎረቤት የሚያወሩ አማት አጋጥመውኛል! ተማሪዋ ስትመረቅ መርፌ የምትወጋበት ሥራ ሊቀርና በምትኩ ስብሰባ፣ ሪፖርትና የመስክ ጉዞ ሊበዛ ይችላል። ይህ ማለት ግን ሙያው ከሕክምና ያንሳል ማለት አይደለም። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆነው ሲመረጡ የሕክምና ዶክተር አልነበሩም። የመጀመሪያ ዲግሪያቸው በሥነ ሕይወት፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸው ደግሞ በማኅበረሰብ ጤና ነው።

ጊዜው የት ይሄዳል?

ትምህርቱ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ባዮስታቲስቲክስ፣ የጥናት ዘዴ፣ የጤና ፖሊሲና አስተዳደር፣ የጤና ትምህርት የመሳሰሉት ይሰጣሉ። ሒሳብ ከተወች ዐሥር ዓመት ያለፋት ነርስ ባዮስታቲስቲክስ ላይ ስትደርስ ላብ ይወርዳታል። ስለዚህ “ምነው ዛሬ ፊትሽ ጠቆረ?” ብሎ ከመቆጣት፣ ፈተናዋ መቼ እንደሆነ ማወቅ ይሻላል።

ትልቁ ፈተና ግን የሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ርእስ መምረጥ፣ ንድፈ አሳብ ጽፎ ማስገምገም፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ መጠበቅ፣ መረጃ ለመሰብሰብ ወደ ወረዳ መውጣት፣ ቁጥሩን መተንተን፣ መጻፍ፣ ከዚያም በመምህራን ፊት ቆሞ መከላከል አለ። ኮርሱን ሁሉ ጨርሰው እዚህ ላይ የቆሙ እኅቶችን አውቃለሁ። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት የክፍል ሰዓት አለ፤ ፈተና አለ፤ መምህሩ ይጠብቃል። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጠራ ደወል የለም። ቤተ ዘመዱ ሁሉ፣ “ትምህርቱ አልቆ የለ እንዴ?” ይላል። ልቅሶው፣ ሠርጉ፣ የልጆቹ የቤት ሥራና የማታ ተራው ተሰብስበው ያንን ጊዜ ይበሉታል። ስለዚህ ቤቱ ይበልጥ ሊታገሥ የሚገባው በሁለተኛው ዓመት ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። የመጀመሪያው፣ በአገራችን አሁን የድኅረ ምረቃ ትምህርት አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና አለው፤ ለዚያ ዝግጅት ጊዜ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ያሰባችሁት የግል ኮሌጅ ከሆነ፣ ኮሌጁ በጥቅሉ ሳይሆን ለዚሁ ማስተርስ ፈቃድ እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። የቤተሰብ ቁጠባ በማይታወቅ ዲግሪ ላይ ሲፈስስ ማየት ያሳዝናል። መሥሪያ ቤት የሚያስተምራት ከሆነም ከምረቃ በኋላ የምታገለግልበትን ዘመን የሚወስነውን ውል ሁለታችሁም አንብቡት።

ለምንድን ነው የምትማሪው?

ይህን ጥያቄ ሳትፈሪ ለራስሽ መልሺ። ለብዙ ዓመታት የዚህ ማስተርስ ትልቁ መሳቢያ በውጭ ዕርዳታ የሚንቀሳቀሱ ድርጅቶች የሚከፍሉት ደመወዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም፣ በአገራችን በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ብዙ የጤና ባለሙያዎች ከሥራ ተሰናብተዋል። ስለዚህ “ሁለት ዓመት እንቸገር፤ ከዚያ በኋላ መኪና እንገዛለን” በሚል ተስፋ ላይ ብቻ የቆመ ዕቅድ አደገኛ ነው። በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ በክልል ጤና ቢሮ፣ በሆስፒታል ወይም በማስተማር ሥራ ላይ ትምህርቱ ጥቅም አለው፤ የደመወዙ ልዩነት ግን ያሰባችሁትን ያህል ላይሆን ይችላል። ሥራውን ስለምትወጂው፣ በየቀኑ ለአንድ ዓይነት ሕመም አንድ ዓይነት መድኃኒት እየሰጡ መኖር ልብሽን ስላቃጠለው ከሆነ ግን ይህ ጽኑ ምክንያት ነው። ጓደኞችሽ ስለተማሩ ብቻ ከሆነ ቆም ብለሽ አስቢ።

ቤቱስ?

በሉቃስ ምዕራፍ 14 ጌታ ስለ ግንብ ሠሪው የተናገረውን ታስታውሳላችሁ። ሰውየው ግንቡን ከመጀመሩ በፊት ተቀምጦ ወጪውን ሊያሰላ ይገባዋል። ባልና ሚስትም ለመቀመጥ ጊዜ ይፈልጉ። ክፍያውን ብቻ ሳይሆን የታክሲውን፣ የፎቶኮፒውን፣ መረጃ የሚሰበስቡ ረዳቶችን አበልና ልጆቹን የምትይዘውን ሠራተኛ ደመወዝ ጭምር አስሉ።

ወንድሜ ሆይ፣ “አልከለክላትም” ማለትና “እደግፋታለሁ” ማለት አንድ አይደሉም። አልከለክልም ያለ ባል እራት በዘገየ ቀን ያኮርፋል። እደግፋለሁ ያለ ባል ግን ቅዳሜ ትምህርት ቤት ስትውል ልጆቹን ያጥባል፤ ያበላል። አንድ ወንድም አውቃለሁ። ባለቤቱ ሌሊት ዐሥር ሰዓት ተነሥታ ስታጠና፣ ጠዋት ልጆቹን ቀስቅሶ ቁርስ አብልቶ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እርሱ ነበር። ጓደኞቹ ሲቀልዱበት፣ “ዲግሪው ላይ ስሜ ባይጻፍም ግማሹ የእኔ ነው” ይላቸው ነበር። ሚስት በትምህርት ባልን ስትቀድም የሚያመው ወንድም ካለም ሕመሙን ለሚስቱ በግልጽ ይንገራት እንጂ በነገር አይውጋት። የተነገረ ነገር መፍትሔ ያገኛል።

እኅቴ ሆይ፣ አንቺም ሁሉን እችላለሁ አትበዪ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከመዘምራን ወይም ከሴቶች ኅብረት አንዱን አገልግሎት ለጊዜው ብታስረክቢ ከእምነት መጉደል አይደለም። ለመሪዎችሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። መሪዎችም፣ “ዓለም ወሰዳት” አትበሏት፤ ሕፃናትዋን የሚይዝላት ሰው ፈልጉላት። ደግሞም መማርሽ ባልሽን ዝቅ የምታደርጊበት አይሁን።

በዚህ ሳምንት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ።

1. ትምህርቱን የምንፈልገው ለምንድን ነው? ደመወዙ ባይጨምርስ እንፈልገዋለን?
2. ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የምንተወው ወጪ የትኛው ነው?
3. በሳምንት የትኞቹ ሰዓቶች የጥናት ናቸው? በእነዚያ ሰዓቶች ልጆቹ ከማን ጋር ናቸው?
4. በሁለተኛው ዓመት ለመረጃ ስብሰባ ስትወጣ ቤቱን ማን ይይዛል?
5. ለሁለታችን ብቻ የሚሆን፣ ጥናትም አገልግሎትም የማይነካው ጊዜ የትኛው ነው?

መልሱ “ዘንድሮ አይሆንም” ቢሆን አትዘኑ። ታናሹ ልጅ ትምህርት ቤት እስኪገባ መጠበቅ መሸነፍ አይደለም። ነገር ግን ዓመተ ምሕረቱን ወስናችሁ ጻፉት። ቀን ያልተቆረጠለት “ቆይ” ውሎ አድሮ በልብ ውስጥ ቂም ይሆናል። መልሱ “እንጀምር” ከሆነ ደግሞ ሁለታችሁም የምትጀምሩት መሆኑን አትርሱ።